የምርቃት ምራቅ

ሮቤ ስሠራ ከሰው ሁሉ በላይ የምጠብቀው ፀሐይን ነበር። የጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ የራሱ መብራት የለውም፤ ከሥሩ ያለችው ክብ መስታወት የሰማዩን ብርሃን ተቀብላ ወደ ላይ ካልላከች በቀር ምንም አይታይበትም። የባሌ ሰማይ ደግሞ ሰው ጠበቀኝ ብሎ አይቸኩልም። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከተራራው ወርዶ መስኮቴ ላይ ይተኛል። እስኪነሳ ድረስ እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ እቀመጣለሁ፤ በሽተኞቹም ውጭ አግዳሚው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። ፋኖስ ሞክሬ ነበር። በፋኖስ ሁሉም ነገር ቢጫ ይሆናል፤ ቀይ የሚፈለግበት ሥራ ላይ ቢጫ አይረባም።

ቀይ ስል የሳንባ ነቀርሳን ማለቴ ነው። የበሽተኛው አክታ ስላይድ በምትባለው ጠባብ ብርጭቆ ላይ ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ ሲደርቅ ቀይ ቀለም ፈሶበት ከሥር በእሳት ይሞቃል፤ ከዚያ በአሲድ ይታጠባል። ሌላው ተህዋስ ሁሉ ቀለሙን ይለቃል፣ የነቀርሳው ብቻ አይለቅም። በመጨረሻ ሰማያዊ ቀለም ይደረብበታል። በሰማያዊው መሃል ቀያይ ቀጫጭን ጭራሮዎች ከታዩ ሰውየው ነቀርሳ አለበት። ካልታዩ ወይ የለበትም፣ ወይ እኔ አላገኘሁትም። ያደከመኝ ይህ “ወይ” ነው። አንድ ዓይን ጨፍኖ በሌላው ሲፈልጉ መዋልና በመጨረሻ ምንም አላየሁም ብሎ መጻፍ ሰውን ከውስጥ ይበላዋል።

አዲስ አበባ ሄጄ የላቦራቶሪ ሙያ የተማርኩት የጎባ ጸሐፊ ልጅ ስለሆንኩና ውጤቴ ደህና ስለነበር እንጂ ሌላ ምኞት ኖሮኝ አይደለም። በመጀመሪያው ሰሞን መምህራችን የረጋ መረቅ የሚመስል ነገር በጠፍጣፋ ብርጭቆ እያደሉ፣ “እጃችሁን ታጠቡና ጣታችሁን አሳርፉበት” አሉን። ከቀናት በኋላ የእኔ ጣት ያረፈበት ቦታ ላይ ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ ተነስቶ አየሁ። ታጥቤ ነበር፤ ያውም በሳሙና። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን አምኜ አላውቅም።

ለዕረፍት ጎባ ስመለስ ቤተሰቡን አስጨነቅሁት። ውሃው ካልፈላ፣ ወተቱ ካልፈላ፣ ቢላዋው ካልታጠበ እያልኩ መቀመጫ መነሻ አሳጣኋቸው። እናቴ መጀመሪያ ታገሠችኝ። እርጎውን የሚያረጋው፣ ሊጡን የሚያቦካው፣ ጠላውን የሚያፈላው ያው በዓይን የማይታይ ተህዋስ ነው፣ ሁሉም ክፉ አይደለም ብዬ ላስረዳት ስሞክር ግን ተቀየመችኝ። “በእኔ እርጎ ውስጥ ነፍሳት የለም” አለችና ዕቃዋን ይዛ ጓዳ ገባች። እርጎ ዳግም የቀረበልኝ አባቴ ካስታረቀን በኋላ ነው።

ሮቤ ስመደብ የጤና መኮንኑ፣ ሁልጊዜ የቸኮለ የሚመስል ቀጭን ሰው፣ “ፀሐይ እስክትወጣ እጅሽን አጣጥፈሽ ከምትቀመጪ አግዳሚው ላይ ያሉትን አስተምሪ” አለኝ። እኔም በየጠዋቱ እየወጣሁ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀልኩ፣ ስለ ውሃ ማፍላትና ስለ እጅ መታጠብ፣ ከሁሉም ይልቅ ስለ ሳል እናገራለሁ። ሰው ሲያስል ከአፉ የሚወጣው እርጥበት ተህዋሱን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሕፃን አጠገብ አፋችሁን ሸፍኑ፤ የሚያስል ሰው ልጃችሁን ፊት ለፊት አይያዝ። ሴቶቹ በትዕግሥት ይሰሙኛል። ስጨርስ አንዷ፣ “መርፌው መቼ ነው?” ትላለች። ያስተማርኩት ከአግዳሚው የሚያልፍ አይመስለኝም ነበር።

የተከራየሁት ክፍል ከአንድ ሽማግሌ ግቢ ጋር በአጥር ይዋሰናል። ሽማግሌው የአገሩ ተወላጅ ሙስሊም ናቸው፤ እርሻቸውን ለወንዶች ልጆቻቸው ለቀው ከትንሿ ልጃቸው ጋር ከተማ ይኖሩ ነበር። የልጅቷ ባል ከደሎ መና ቡና እያመጣ የሚነግድ ሰው ስለሆነ ከቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ሮቤ ውስጥ የሳቸውን ምርቃት ሳይቀበሉ የሚጀመር ነገር አልነበረም። ሙሽራ ስትወጣ፣ ነጋዴ ወደ ቆላ ሲወርድ፣ ከሁሉም በላይ ልጅ ሲወለድ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ደጃቸው ይመጣል። ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ፊቱ ያቀርቡና ቀስ ብለው፣ “ጉደዱ፣ እደግ፣ ሰው ሁን፣ ረቢ ዕድሜህን ያርዝመው” ይላሉ። ቃሉ ሲያልቅ ግንባሩ ላይ እንትፍ ይሉበታል፤ እንደ ጤዛ ያለች ነገር ናት። እናቶቹ ያችን ሳይጠርጉ ይዘው ይሄዳሉ። በራሷ ነው የምትደርቀው።

በዚያ ክረምት እኚህ ሰው ያስሉ ነበር። ጎህ ሳይቀድ በአጥሩ በኩል ይሰማኛል። ከጎድን አጥንት የሚነሳ፣ ጀምሮ የማያበቃ ሳል ነው። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳዳምጥ ሙያዬ እንቅልፍ ከለከለኝ። በመጨረሻ ልጃቸውን ውሃ ስትቀዳ አግኝቼ አባትሽን ጤና ጣቢያ አምጪያቸው አልኳት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር፤ ሆዷ ገፍቷል።

መጡ። የጤና መኮንኑ ደረታቸውን አዳመጠና ፊቱን አጨፈገገ። “ነቀርሳ ይመስላል” አለኝ በር ላይ ቆሞ፤ “ግን መድኃኒቱ ጥቂት ነው። ተህዋሱ ሳይታይ አልጀምርም። አንቺ አግኚልኝ።” የነቀርሳው መርፌ ከአዲስ አበባ በጎባ በኩል ነው የሚመጣው፤ ስንት ሰው እንደሚጠብቀው እኔም አውቅ ስለነበር አልተከራከርኩትም።

ክዳን ያላትን ትንሽ ቆርቆሮ ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። “አባባ፣ ጠዋት ከደረትዎ የሚወጣውን ነው የምፈልገው፤ እዚህ ውስጥ ይትፉልኝ” አልኳቸው። ቆርቆሮዋን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ እንትፍ አሉባትና በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። “ሥራሽ ይቃናልሽ፣ ኢንተለ ቲያ” አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ደግ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ይዤ ገባሁ።

በቆርቆሮዋ ውስጥ የነበረው ምራቅ ነው፤ ጥርት ያለ። እንዲያም ሆኖ ቀባሁት፣ አሞቅሁት፣ አጠብኩት፣ ጉሙ እስኪነሳ ጠብቄ ዓይኔ እስኪያለቅስ ድረስ ፈለግሁ። ሰማያዊ ብቻ ነው። በማግስቱ ይድገሙት ተባለ፤ ያው ሆነ። ሌላ ቀንም ያው። የጤና መኮንኑ፣ “እንግዲህ ብርድ ነው” ብሎ የሳል ሽሮፕ አዘዘላቸውና ወደ ሌላው በሽተኛ ዞረ። በአጥሩ በኩል ያለው ሳል ግን ብርድ አልነበረም። ያን ሰሞን ሥራዬን ጠላሁት። የሰማሁትን ማየት ካልቻልኩ የተማርኩት ምን ሊሆን ነው እያልኩ እየተነጫነጭኩ ነበር የምውለው።

አንድ ቀን አቅም አንሷቸው ልጃቸው ደግፋ አስገባቻቸው። ሽሮፑ አልሠራም። እኔም አንዴ ልሞክር ብዬ ቆርቆሮዋን ሰጠኋቸው። እንደ ወትሮው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፣ እንትፍ አሉ። ልጃቸው አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። ደክሟት ስለነበር ሳቋ ወዲያው ቆመ።

“እህቴ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትቀበያቸው?”

“ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።”

“እሳቸው እኮ እየመረቁሽ ነው” አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። እሷ እንደ ቀላል ነገር አስረዳችኝ። ወጣት ሴት ሽማግሌ ፊት ቆማ ምራቅ ከጠየቀች ሌላ ምን ትፈልጋለች? አክታ ሰው ፊት መትፋት ስድብ ነው፤ ሰው በእጁ ባቀረበው ዕቃ ላይ ከሆነማ እርግማን ነው። አባቷ አክታቸውን ጎህ ሳይቀድ ከጓሮ ወጥተው፣ ማንም ሳያይ አመድ ላይ ተፍተው አፈር ይመልሱበታል። ከዚያ አፋቸውን ተጉመጥሙጠው፣ ንጹህ ሆነው ነው ወደ እኔ የሚመጡት። ሽማግሌው ስንነጋገር ሰምተው ፊታቸው ግራ ተጋባ። “ያንን ነው እንዴ የፈለግሽው?” አሉኝ፤ “ያንንማ ለጠላትም አልሰጥም።”

ያን ሁሉ ጊዜ በአሲድ ያጠብኩት ምርቃቴን ነበር። ልስቅ ፈለግሁ፣ አልመጣልኝም። ቆርቆሮዋን ለልጃቸው ሰጥቼ፣ ጠዋት ከጓሮ ብቻቸውን ይትፉባት፣ ክደኚያትና አንቺ አምጪልኝ አልኳት። ሽማግሌው እሺ ለማለት ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። በመጨረሻ፣ “ከእኔ እጅ አትቀበይውም፣ እኔም አንቺ ስታይው አላይም” በሚል ውል ተስማማን።

በማግስቱ ጉሙ ቶሎ አልነሳም። ስላይዷ ቀለሟን ጠጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ መስኮቱ ላይ። የስንዴው ማሳ ብቅ ሲል፣ ከዚያም ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ ሲታይ መስታወቷን አዞርኩ። ብዙ መፈለግ አላስፈለገኝም። ቀያዮቹ ጭራሮዎች በየቦታው አሉ፤ ነጠላ ነጠላ፣ አንዳንድ ቦታም ተደራርበው። በሙያዬ ደስ ያለኝ ለአፍታ ነው። ወዲያው የሕፃናቱ ግንባር ታወሰኝ።

የጤና መኮንኑ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። መርፌውን እኔ እነግራቸዋለሁ አለ፤ ክኒኑንም፣ ከዓመት በላይ ሳያቋርጡ መውሰድ እንዳለባቸውም። “የምርቃቱን ነገር ግን አንቺ ንገሪያቸው” አለኝ። ለምን እኔ አላልኩም። ድካም ሲበዛ ሰው መከራከር ይተዋል።

ሽማግሌውን ወደ ሥራ ክፍሌ አስገባኋቸው። ከነገርኳቸው ይልቅ ባሳያቸው ይሻላል ብዬ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጥኳቸው። ጎንበስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ አዩ። “ይህቺ ቀይዋ ናት?” አሉኝ። አዎ አልኳቸው። “ይህን የምታህል ናት እንዲህ የምታደርገኝ?” አሉና ቀና ብለው ጢማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ሌላውን ነገርኳቸው። ሕፃን ማቀፍ፣ ፊትን ወደ ፊት ማቅረብ፣ እንትፍ ማለት እስኪድኑ ድረስ ይቅር። ከምራቁ ይልቅ አብሮት የሚመጣው ሳልና ትንፋሽ ይብሳል፤ ሕፃን አቅም የለውም። በአማርኛ ጀምሬ በኦሮምኛ ጨረስኩት፤ በሁለቱም ቋንቋ የሚቀል አልሆነም።

 ውጭ አግዳሚው ላይ አንድ ልጅ ያለቅሳል።

“ብዙ መርቄያለሁ” አሉ። “ያደጉ አሉ። የሞቱም አሉ። የሞቱት ከእኔ ነው?”

“አላውቅም፣ አባባ።”

“ይህ ብርጭቆሽ ያለፈውን አያሳይም?”

“አያሳይም።”

“ታዲያ ምን ያደርግልኛል?” አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። መልስም አልጠበቁም፤ በትራቸውን ይዘው ተነሱ። እኔም፣ ልጆች በክረምት በብዙ ነገር ይሞታሉ፣ በተቅማጥ፣ በኩፍኝ፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም ብዬ እስከ በር ተከተልኳቸው። ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። አንዱም ግን ለጠየቁኝ ጥያቄ መልስ አልሆነም።

መርፌው ተጀመረ። በየጠዋቱ ሳይቀሩ እየመጡ፣ መርፌ ከሚወጋው ድሬሰር ፊት ትከሻቸውን ገልጠው፣ “ቢስሚላህ” ብለው ይወጋሉ። ልጃቸው በመሃል ወለደች፤ ወንድ። አማቻቸው ከደሎ መና ማር ይዞ መጣ፤ ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ እኔም ተጠራሁ። ሕፃኑን ሊያቀርቡላቸው ሲሉ ሽማግሌው ተነስተው በር ላይ ቆሙ፤ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑና ቃሉን ከዚያ ተናገሩ። ጉደዱ፣ እደግ፣ ሰው ሁን። ቃሉ አለቀ። እናቲቱ የሕፃኑን ግንባር ገልጣ መጠበቋን አላቆመችም። ከዚያ ቀስ ብላ ሸፈነችው። ሁሉም ወደ እኔ አየ።

ወሬው የተበተነው ከዚያ በኋላ ነው። ሮቤ ያን ጊዜ አንድ ሰው አስነጥሶ ሁሉም ይማርህ የሚልባት ከተማ ነበረች። ለአግዳሚው እያስተማርኩ ከንቱ ቀረ ያልኩት ሁሉ አለመቅረቱን አወቅሁ። እናቶቹ ቃል በቃል ይዘውታል። በገበያ ቀን ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ሲቀመጡ ሴቶች ከመንገዱ ማዶ ሆነው፣ “ነጋ? አካም ቡልተኒ?” እያሉ እንዴት አደሩ ይላሉ፤ እያከበሩ፣ ጎንበስ እያሉ። ያዘሉትን ልጅ ግን ከጀርባቸው አያወርዱትም፤ ራሱም በነጠላ ተሸፍኗል። ወደ ቆላ የሚወርድ ነጋዴም በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ። ሽማግሌው ሰላምታውን እኩል ይመልሳሉ። ቅር ሲላቸው አይቼ አላውቅም፤ ወይም እንዳላይ አድርገዋል።

ሌላ ክረምት መጥቶ ሄደ። ሳሉ ጠፋ። ጎህ ሲቀድ በአጥሩ በኩል የሚሰማኝ የዱዓቸው ድምፅ ብቻ ሆነ። አክታ ማግኘት ራሱ ችግር ሆኖ፣ የተገኘችውን ደጋግሜ አየሁ። ሰማያዊ ብቻ። መድኃኒታቸውን ጨርሰው ሲመጡም እንደገና አየሁ፣ ቀኑን ሙሉ፣ የምችለውን ያህል። የጤና መኮንኑም አይቶ፣ “ድነዋል” አላቸው። “አልሐምዱሊላህ” አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር ሊጠይቁኝ ያሰቡ መሰሉና ተዉት። እኔም የሚጠይቁኝን አውቄ ቀድሜ፣ “አሁን መመረቅ ይችላሉ፣ አባባ፤ ምንም የለብዎትም” አልኳቸው።

ለአግዳሚውም ተናገርኩ። ድነዋል፣ አይቼዋለሁ፣ የለም አልኩ። ሴቶቹ በትዕግሥት ሰሙኝ። የማይታይ ነገር አለ ስላቸው ያመኑኝ ሰዎች፣ ያው የማይታይ ነገር የለም ስላቸው ሊያምኑኝ አልቻሉም። አንዷማ በቅንነት፣ “አንዳንዴ አላገኘሁትም ትዪ የለ?” አለችኝ።  እውነቷን ነው፤ እላለሁ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ከጠዋት እስከ ዙሁር ሶላት ይቀመጣሉ፤ በሬውን የሚነዳው፣ ጋሪው፣ ገበያተኛው ያልፋል። ሕፃን የሚያመጣ አልነበረም። ሰውየውን ያዳንኩ ይመስለኝ ነበር። ለኖሩለት ነገር ግን መድኃኒት አልነበረኝም፤ ይህ ከማንኛውም ሥራ በላይ አደከመኝ።

በኋላ አግብቼ፣ ሴት ልጅ ወልጄ፣ ክርስትና አስነሳኋት። እናቴ ከጎባ መጥታ ስታርሰኝ ከርማ ስትመለስ፣ ልጅቷን አቅፌ በአጥሩ ዞሬ ሽማግሌው ደጅ ሄድኩ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ የመጣሁበት ገብቷቸው አፋቸውን ሊሸፍኑ ጋቢያቸውን ሳቡ። ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ሕፃን ካቀፉ ቆይተዋል።

“አንቺ ታውቂያለሽ” አሉኝ፤ ጥያቄም አልነበረም።

“አውቃለሁ” አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ። ፊታቸውን ወደ ፊቷ አቀረቡ። ቃሉን ቀስ ብለው፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ከዚያ እንትፍ አሉ፤ ትንሽ ጠብታ ግንባሯ መሃል ላይ አብረቀረቀች።

የስላይዶቹን ሰማያዊ በዓይኔ አይቻለሁ። ለሮቤ ሰው ሁሉ የለም ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ። ሆኖም ቀኝ እጄ የነጠላዬን ጫፍ ይዞ ወደ ግንባሯ ሄደ፤ በግራዬ ይዤ ነው ያስቆምኩት።

ሽማግሌው አዩኝ። “ጥረጊያት፣ ኢንተለ ቲያ” አሉኝ በለሆሳስ። “አልቀየምሽም። ቃሉ ገብቶላታል።”

አልጠረግኋትም። እስክትደርቅ ድረስ ግን ዓይኔን ከግንባሯ ላይ አላነሳሁም።